ጭኑ ያበጠው ልጅና የኮሊን ጫፍ

በመገናኛችን ቀን «አፋር ሄደሽ ምን ተማርሽ?» ማለታችሁ ስለማይቀር አስቀድሜ ልንገራችሁ። አንድ አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ የሆነው የአርብቶ አደር ልጅ ከአዋሽ ሰባት ወዲያ ካለ መንደር ጭኑ አብጦ መጣ። ትኩሳት ነበረው፤ እብጠቱ ላይም በጋለ ብረት የተተኮሰበት ጠባሳ። የአጥንት ኢንፌክሽን ነው ብዬ ለሳምንታት አንቲባዮቲክ ሰጠሁት። ኢዊንግ ሳርኮማ ነበር። ትኩሳት እንደሚያመጣና ኢንፌክሽን መስሎ እንደሚያታልል ተምረነው ነበር እኮ! አዲስ አበባ ሲደርስ ሳንባው ላይ ታየ።

ሳይቆረጥ የሚለይበት መንገድ የለም ወይ ብዬ ወደ ማግኔቲክ ሬዞናንስ ስፔክትሮስኮፒ ታሪክ የገባሁት ከዚያ ወዲህ ነው። ነገሩ ከሆስፒታል አይጀምርም። እ.ኤ.አ. በ1946 ብሎክና ፐርሴል፣ በየፊናቸው፣ ማግኔት ውስጥ ያለ የአቶም እምብርት ለራዲዮ ሞገድ መልስ እንደሚሰጥ አሳዩ። በ1950 ፕሮክተርና ዩ አሞኒየም ናይትሬት ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ሲለኩ አንድ ምልክት ጠብቀው ሁለት አገኙ። አቶሙ እንደ ጎረቤቶቹ መልሱን ይለዋውጣል ማለት ነው፤ ስፔክትሮስኮፒ የቆመው እዚህች ላይ ነው። ዳማዲያን በ1971 የአይጥ ዕጢ ከጤናማው ሥጋ የተለየ ምልክት እንዳለው ጻፈ፤ ላውተርቡር በ1973 ምልክቱን ሥዕል አደረገው።

ኤም አር አይ ዕጢው የት ድረስ እንደሄደ ያሳየናል፤ ስፔክትሮስኮፒው ውስጡ ምን እንዳለ ይጠይቃል። የሚፈለገው ኮሊን ነው፣ ሴሎች ሲባዙ ሽፋናቸውን የሚሠሩበት። በ3.2 ፒፒኤም ላይ ጫፉ ረዝሞ ከታየ ጥርጣሬው ይጨምራል። አጥንት ግን እሺ አይልም፤ የመቅኔው ስብ ምልክቱን ይውጠዋል፣ ጠንካራው ክፍል ማግኔቱን ያዛባል። ይባስ ብሎ ጃይንት ሴል ዕጢም፣ አንዳንዴ መግል የቋጠረ እብጠትም ኮሊን ያሳያሉ። እኔ ልጁ ላይ የቸገረኝን ጥያቄ ለብቻው አይፈታውም፤ ባዮፕሲው የትም አልሄደም።

ሰመራ ላይ አንድ ተማሪ «ሉሲንስ ያነባታል?» አለኝ። አያነባትም፤ በ1974 ሀዳር የተገኘችው ሉሲ አጥንቷ ድንጋይ ሆኗል፣ መልስ የሚሰጥ ውሃና ስብ የላትም። ለእሷ የሚሆነው ሲቲ ነው።

ከሰመራ አዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ነው። አሁን ጭኑ ያበጠ ልጅ ሲመጣ አንቲባዮቲክ ከማዘዜ በፊት ራጅ አስነሳዋለሁ። ፊልሙን በቴሌግራም ስልክላችሁ በሌሊትም የምትመልሱልኝ የክፍሌ ልጆች፣ እግዜር ይስጥልኝ።