ከወንጂ እስከ ይርጋለም፦ ፋብሪካው ወደ ገጠር ሲሄድ



ፋብሪካን ወደ ገጠር ወስዶ የአርሶ አደሩን ኑሮ የማሻሻል ሐሳብ ዛሬ ሲነሣ በቅድሚያ የሚጠቀሱት በቡሬ፣ በቡልቡላ፣ በይርጋለምና በባዕከር የታቀዱት የተቀናጁ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርኮች ናቸው። ይሁን እንጂ በገጠር ማሳ መካከል የተተከለ ትልቅ ፋብሪካ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የወንጂ ታሪክ የሚፈለገውም ለዚህ ነው።

የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ኤች.ቪ.ኤ. ከተባለው የሆላንድ ኩባንያ ጋር የተዋዋለው በ1943 ዓ.ም. ነበር። ኩባንያው በኢንዶኔዢያ የካበተ የስኳር ልማት ልምድ ነበረው። የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ቦታው የተመረጠው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ አገዳ ከተቆረጠ በኋላ የስኳር ይዘቱ በፍጥነት ስለሚቀንስ ፋብሪካው ከማሳው ሊርቅ አይችልም። አዋሽም ለመስኖ ቅርብ ነበር።

ነገር ግን ፋብሪካው ከአካባቢው ሕዝብ አገዳ አልገዛም፤ በያዘው ሰፊ መሬት ራሱ አመረተ። የጅሌ ኦሮሞ አርብቶ አደሮች የግጦሽ መሬታቸውን አጡ። ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ የመጡ ሠራተኞች ደግሞ በደመወዝ ተቀጠሩ፤ ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውሃም የብዙዎችን ጥርስና አጥንት ጎዳ። በ1962 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የመተሐራ ፋብሪካ ዙሪያ የከረዩ አርብቶ አደሮች ተመሳሳይ ዕጣ ገጠማቸው። ስኳሩ ለአገር ተረፈ፤ ዋጋውን የከፈለው ግን የመንደሩ ሰው ነበር።

በ1967 ዓ.ም. ፋብሪካዎቹ ሲወረሱ ባለቤቱ ተለወጠ እንጂ አሠራሩ በአንድ ጊዜ አልተለወጠም። ቁም ነገር ያለው ለውጥ የመጣው በወንጂ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው በራሳቸው ይዞታ አገዳ ለፋብሪካው ማምረት ሲጀምሩ ነው። ገበሬው አቅራቢ ሆነ። ሆኖም ገዥው አንድ ብቻ ነበር፤ የአገዳ ባለቤት ምርቱን ወደ ሌላ ገበያ ሊወስድ አይችልም። ስለዚህ የመደራደር ኃይሉ ደካማ ሆኖ ቀረ።

አዲሶቹ ፓርኮች የተነሡት ከተለየ መርሕ ነው። ጥሬ ዕቃ የሚጠብቁት ከራሳቸው እርሻ ሳይሆን በየወረዳው ከተበተኑ አነስተኛ አርሶ አደሮች ነው፤ ምርቱን የሚሰበስቡትና የሚለዩትም የገጠር ሽግግር ማዕከላት ናቸው። የቡሬ፣ የቡልቡላና የይርጋለም ፓርኮች በ2013 ዓ.ም. ተመርቀዋል። በይርጋለም አቮካዶ ለዘይት ይጨመቃል፤ የአቮካዶ ባለቤት ደግሞ ከአገዳ ባለቤት በተለየ ፍሬውን በገበያም ሊሸጥ ይችላል። ይህ አማራጭ ለገበሬው ጉልበት ነው፤ ለፋብሪካው ግን ሥጋት ነው፤ ገበያው የተሻለ ከከፈለ ማሽኑ ሥራ ይፈታል።

እንግዲህ ታሪኩ የሚያስተምረን የፋብሪካው ቅርበት ብቻውን ለገጠሩ ብልጽግና ዋስትና እንደማይሆን ነው። ወሳኙ ጉዳይ መሬቱ በማን እጅ እንደሚቀር፣ ዋጋው በማን ስምምነት እንደሚወሰን፣ ምርት ሲበላሽ ኪሳራውን ማን እንደሚሸከም ነው። የፓርክ ስኬት በተገነባው ሼድ ብዛት ከተለካ የወንጂን ግማሽ ታሪክ ብቻ እንደግማለን። መለኪያችን አርሶ አደሩ በእጁ የያዘው፣ የሚገባውና የሚከበርለት ውል መሆን አለበት።