ከጫንቃ ወደ ካቢን

ዊሊያም ማኪነን የተባለው የእንፋሎት መርከብ ሰው ከመጫኑ በፊት ሰው ተሸክሞታል። ስኮትላንድ ውስጥ ተሠርቶ፣ መልሶ ተፈታትቶ ሞምባሳ ወረደ። የኡጋንዳው የባቡር ሐዲድ ገና ሐይቁ ዘንድ ስላልደረሰ ከፊሉን አካሉን ተሸካሚዎች በራሳቸውና በጫንቃቸው አድርገው በእግር አጓጓዙት። ኪሱሙ ላይ ተገጣጥሞ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ የተንሳፈፈው በ1900 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ይህን ታሪክ የምወደው ለራሴ ጉዳይ ስለሚቀርብ ነው። በዊልቸር የምንቀሳቀስ ሰው ነኝ፤ የምኖረውም ካምፓላ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በበዙበት በካባላጋላ ነው። ከሰፈሬ የጋባን መንገድ ይዞ ቁልቁል የወረደ ሰው ሐይቁ ዳር ይደርሳል። ጀልባ ወይም መርከብ ልሳፈር ባልኩ ቁጥር የማገኘው መልስ አንድ ነው፦ «ሴቦ (ጌታዬ)፣ ችግር የለም፤ እንሸከምዎታለን።» ቅንነታቸውን አልጠራጠርም። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። በዚህ አገር መሸከም ለአንዱ ክብር፣ ለሌላው ምቾት ሆኖ ኖሯል፤ ለእኛ ግን የበር ምትክ ሆኖ ቀረ።

የቡጋንዳ ንጉሥ ካባካው በጥንቱ ልማድ በሰው ጫንቃ ላይ ተቀምጦ ይሄድ ነበር። የሚሸከሙት የምቦጎ፣ ማለትም የጎሽ፣ ጎሳ ሰዎች ሲሆኑ ሥራው ለእነሱ ትልቅ ማዕረግ ነበር። ሐይቁ ላይ ደግሞ ጋቡንጋ የሚባል የታንኳዎች አለቃ ነበር። የሴሴ ደሴቶች ታንኳ እንደ ጣናው ከደንገል የሚታሰር አይደለም፤ ሳንቃ ከሳንቃ ጋር በቃጫ ተሰፍቶ የሚሠራ ነው፤ ምስማር አይነካውም። አሳሹ ሄንሪ ስታንሊ በ1875 ካባካ ሙቴሳ የቡቩማን ደሴት ሊወጋ ሲዘምት ያሰለፋቸውን የጦር ታንኳዎች በዓይኑ አይቶ ብዛታቸውን በመቶዎች ጽፎታል።

በ1907 ወጣቱ ዊንስተን ቸርችል፣ በዚያን ጊዜ የብሪታንያ የቅኝ ግዛት ጉዳዮች ምክትል ሹም፣ ክሌመንት ሂል በተባለው መርከብ ሐይቁን አቋርጦ ኢንቴቤ ደረሰ። ከኢንቴቤ ካምፓላ የሄደው በሪክሾ ነው፦ ጎማ ያለው መቀመጫ፣ አንድ ሰው ከፊት እየጎተተ፣ ሌሎች ከኋላ እየገፉ፣ እየተቀባበሉ እየዘፈኑ። ጎማ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጦ በሰው ጉልበት ካምፓላ የገባውን ያን ሰው ማንም አካል ጉዳተኛ ብሎ አልጠራውም። ለጎማ የሚሆን መንገድም አልጠፋለትም።

ባቡሩ ጂንጃ ላይ ነጭ አባይን ተሻግሮ ካምፓላ እስኪገባ፣ እስከ 1931 ድረስ፣ የከተማዋ ዋና መግቢያ ሐይቁ ነበር። ከኪሱሙ የመጣ ሰውም ዕቃም ሉዚራ አጠገብ ባለው ወደብ፣ በፖርት ቤል ይወርዳል። ወደቡ የተሰየመው በገዥው በሄስኬዝ ቤል ነው፤ ዛሬ በየመጠጥ ቤቱ የሚቀዳው ቤል ቢራም ስሙን ያገኘው ከዚያው ወደብ ነው።

የካቢኑን ነገር የምጀምረው ግን በ1961 ሥራ በገባችው፣ ቪክቶሪያ በተባለችው መርከብ ነው። ግላስጎው ውስጥ ያሮው የተባለው ኩባንያ ሠርቷት፣ እንደ ቀደሙት ሁሉ ተፈታትታ መጥታ ኪሱሙ ላይ ተገጠመች። ሐይቁን እየዞረች ዳርቻው ላይ ያሉትን የሦስቱን አገሮች ወደቦች ታገናኝ ነበር። የመጀመሪያ ማዕረግ ተሳፋሪ አልጋ ያለው ካቢን ያገኛል፤ የሦስተኛው ማዕረግ ሰው ተቀምጦ ያድራል። ገንዘብ ያለውና የሌለው ሰው በጥንቃቄ ተለይቶ ቦታ ተመድቦለታል። መራመድ የማይችል ሰው ግን በማንኛቸውም ማዕረግ ታስቦ አያውቅም።

በዚያው ዘመን እዚሁ ካምፓላ፣ ሙላጎ ሆስፒታል፣ የአጥንት ሐኪሙ ሮናልድ ሃክስቴፕ የፖሊዮ ክሊኒክ ከፍቶ ነበር። ወደ ኡጋንዳ የመጣው በ1960 ነው። በፖሊዮ እግራቸው ሰልሎ በእጃቸው የሚድሁ ልጆችን እየተቀበለ በቀላሉ ከሚገኝ ዕቃ፣ በርካሽ ዋጋ የእግር መደገፊያ ብረት ያሠራላቸው፣ ወደ ገጠርም እየወጣ ያክም ነበር። ከእነዚያ ልጆች ስንቱ ቆሞ እንደሄደ ሳስብ ደስ ይለኛል። ሙላጎ ላይ አንድ ሰው ልጁ የማይችለውን ሳይሆን ዕቃው የሚጎድለውን አየ። ሐይቁ ዳር ያን ዓይን ይዞ የመጣ ሰው አልነበረም።

መርከብ ለምን እንዲህ እንደሚያስቸግር መናገር አለብኝ፤ ክፋት ብቻ አይደለም። የመርከብ በር ደፉ ከፍ ያለው ውኃ እንዳይገባ ነው። የባሕር መርከቦችን የጭነት ልክ የሚወስነው የ1966ቱ ዓለም አቀፍ ስምምነት ለማዕበል የተጋለጡ በሮች ደፋቸው ቢያንስ 38 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን ያዛል። ስምምነቱ የተጻፈው ለባሕር ቢሆንም የሐይቁን መርከቦች የሠሩት እጆች የባሕሩንም የሠሩ ናቸው፤ ልማዱ አብሮ መጣ። ችግሩ ይህ ከፍ ያለ ደፍ ውኃ ወደማይደርስበት የውስጥ መተላለፊያና የመጸዳጃ በር ድረስ ዘልቆ መግባቱ ነው። ካቢኑ ራሱ አልጋ፣ የዕቃ መስቀያና አንድ የቆመ ሰው እንዲይዝ ተለክቶ የተቆረጠ ነው። ዊልቸር ዙሮ ለመመለስ ወለሉ ላይ አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ክብ ቦታ ይፈልጋል። ያ ክብ ቦታ በድሮው ካቢን ውስጥ ሌላ አልጋ የሚቆምበት ነው፤ ሌላ አልጋ ደግሞ ሌላ ትኬት ነው።

ጎማ ወደዚህ ሐይቅ መርከቦች የገባው በጭነት በኩል ነው። በ1960ዎቹ ኡሁሩና ኡሞጃ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ቤልጂየም ውስጥ የተሠሩት የኡጋንዳ መርከቦች፣ ካባሌጋ፣ ፓምባና ካአዋ፣ ወለላቸው ላይ ሐዲድ ተዘርግቶላቸው የባቡር ፉርጎ እንዳለ ይጭኑ ጀመር። ፖርት ቤል ላይ ለፉርጎው ሲባል የመርከቡና የወደቡ ወለል ተስተካክሎ እንዲገጥም የሚያደርግ መሻገሪያ ተሠራ። ለቡና፣ ለስሚንቶና ለጥጥ መሐንዲስ ተቀጥሮ ቁመት ተለካ። ዛሬ ከኢንቴቤ ናኪዎጎ ተነስታ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ሄዳ ሴሴ ደሴቶች፣ ሉቶቦካ የምትደርሰው ካላንጋላ የተባለች መርከብ መኪና ስለምትጭን መወጣጫዋ ይዘረጋል። መኪና የሚወጣበት ላይ ዊልቸርም ይወጣል። እኔ ይህን ውለታ ከሾፌሮች ነው የምቆጥረው።

የጭነት ወለሉ ላይ መድረስ ግን ካቢን ማግኘት አይደለም። አንድ ጊዜ ስሙን በማላነሳው መርከብ የሌሊት ጉዞ ነበረኝ፤ ካቢኑ ለአካል ጉዳተኛ ይመቻል ተብዬ ነው የከፈልኩት። ሜትር በቦርሳዬ አይጠፋም። የዊልቸሬ ስፋት ከእጅ መግፊያው እስከ እጅ መግፊያው 63 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በሩን ብለካው 57 ሆነ። የመጸዳጃው ደፍ ደግሞ ከመዳፌ ስር እስከ መሃል ጣቴ ጫፍ ደረሰ። ሁለት ጎበዞች መጥተው አልጋው ላይ ላስተኛዎት አሉኝ። «ሌሊት ሽንቴ ቢመጣስ?» አልኳቸው። ተያዩና ዝም አሉ። ሳሎን ውስጥ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አነጋሁ።

በውጭው ዓለምም ነገሩ በፍርድ ቤት ነው የተንቀሳቀሰው። ካባሌጋ ከእህቷ ከካአዋ ጋር ተጋጭታ በሰጠመች በወሩ፣ በሰኔ 2005፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስፔክተር የተባለ ሰውና ጓደኞቹ በኖርዌጅያን የመዝናኛ መርከብ ኩባንያ ላይ ባቀረቡት ክስ ወሰነ። ከከሳሾቹ አቤቱታ አንዱ ለሚመቸው ካቢን ተጨማሪ ዋጋ ተጠየቅን የሚል ነው። ከፍ ያለው የበር ደፍም በችሎቱ ተነስቷል። ፍርድ ቤቱ የአገሪቱ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ወደ ወደቧ በሚመጡ የውጭ ባንዲራ መርከቦችም ላይ ይሠራል አለ፤ ለደኅንነት ሲባል በዓለም አቀፍ ስምምነት የታዘዘውን ግን አይነካም። ይህን ፍርድ የማከብረው ሁለቱን ስለለየ ነው፦ ውኃ የሚያግድ ደፍ ሌላ፣ በልማድ የተሠራ ደፍ ሌላ።

ኡጋንዳ በሕግ በኩል ከብዙ ጎረቤቶቿ ቀድማለች። የአካል ጉዳተኞቿ ብሔራዊ ማኅበር በ1987 ተቋቋመ። የ1995ቱ ሕገ መንግሥት መብታቸውን በአንቀጽ 35 ጻፈ፤ ፓርላማ ውስጥም የራሳቸው ወንበር አላቸው። አገሪቱ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ2008 አጸደቀች፤ በ2020ም አዲስ ሕግ አወጣች። ማኅበሩን ያቋቋሙት ሰዎች ሥራ ባይኖር ዛሬ ካምፓላ ውስጥ መወጣጫ ያለው ባንክም አላገኝም ነበር። መርከቡ ግን ገና ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ መግባት ነው። ከዚያ የሚበልጠው መውጣት ነው። በግንቦት 1996 ቡኮባ የተባለው የታንዛኒያ መርከብ ከልክ በላይ ጭኖ ምዋንዛ አጠገብ ተገለበጠ። ከ800 በላይ ሰው አለቀ። በተገለበጠው ሆድ ውስጥ በሕይወት የቀሩ ነበሩ፤ ሊያወጧቸው ብረቱን ሲበሱት የታፈነው አየር ወጣና መርከቡ ሰጠመ። እግሩ የሚሮጥለት ሰው እንኳ በዚያ በር አልወጣም። በወሩ ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት የመንገደኛ መርከቦች ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች እንዴት ይሠሩ የሚል ምክር አወጣ። ምክር ነው፤ አያስገድድም።

ስለዚህ በዚህ ሐይቅም ሆነ ወዳጆቼ በሚጋብዙኝ ትልልቅ የባሕር መርከቦች ላይ ካቢን ስመርጥ የበሩን ስፋት በሳንቲ ሜትር እንዲነግሩኝ እጠይቃለሁ፤ «ሰፊ ነው» አይበቃኝም። 80 ካልሞላ አልሄድም። ሻወሩ ደፍ አልባ ይሁን፤ መያዣ ብረቱ ግድግዳ ላይ በብሎን የታሰረ እንጂ የተለጠፈ አይሁን። መርከብ ሲወዛወዝ መሃሉ ከጫፉ ይልቅ ይረጋልና ካቢኑ ወደ መሃል ቢሆን እመርጣለሁ፤ የቆመ ዊልቸር ፍሬኑ ቢያዝም ይንሸራተታል። መጨረሻ የምጠይቀው ፎቁን ነው። በአደጋ ጊዜ ሊፍት ይቆማል፤ ካቢኑ የሕይወት ጀልባ መሰብሰቢያው ካለበት ፎቅ ላይ ካልሆነ ተሸክመው ያወጡኛል ማለት ነው፤ ያን ሰዓት ማን ማንን እንደሚሸከም ማንም ቃል ሊገባልኝ አይችልም። ያ ፎቅ ከሌለ ትኬቱን አልቆርጥም።