ባርኮድ ሊቀየር ነው፤ ሱቆች እንዴት እየተዘጋጁ ነው?

ከሱፐርማርኬት የገዛችሁት ብስኩት፣ ሳሙና ወይም የታሸገ ውኃ አጠገባችሁ ካለ እስኪ ገልበጥ አድርጉት። ጥቋቁር መስመሮችና ከሥራቸው የተደረደሩ ቁጥሮች ታያላችሁ። ካሸሯ ስታስነብበው «ቲት» የሚለው እሱ ነው። ከ50 ዓመት በላይ ያገለገለው ይህ ባርኮድ አሁን ተተኪ እየመጣለት ነው። ለውጡ ምንድን ነው? ሱቆችስ ምን ማድረግ አለባቸው? በአጭሩ እንየው።

▪️ ከየት ተነሳ?

የዛሬው ዓይነት ባርኮድ በሱፐርማርኬት ለመጀመሪያ ጊዜ የተነበበው እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 1974 (ሰኔ 19 ቀን 1966 ዓ.ም.) በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ትሮይ ከተማ ውስጥ ነው። ዕቃው የሪግሊ ማስቲካ ነበር። የአሜሪካው ኮድ 12 ዲጂት ነበረው። አውሮፓውያን ከ1977 ጀምሮ የራሳቸውን ባለ 13 ዲጂት ይዘው መጡ። ዛሬ ሁለቱንም የሚያስተዳድረው ጂኤስዋን የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ዓለም አቀፍ ድርጅት ነው።

▪️ ቁጥሩ ምን ይናገራል?

ብዙ ሰው ዋጋው ባርኮዱ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። የለም! ባርኮዱ የሚናገረው «እኔ ይህ ዕቃ ነኝ» ብቻ ነው። ዋጋው የሚመጣው ከሱቁ ሲስተም ነው።

የመጀመሪያዎቹ 3 ቁጥሮችም የተመረተበትን አገር አያሳዩም። ኮዱን የሰጠው ቢሮ የት እንዳለ ነው የሚነግሩን። 616 ኬንያ፣ 629 የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ነው። በ629 የሚጀምር ዕቃ ግን ሌላ አገር ተመርቶ ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻው ቁጥር ማረጋገጫ ነው። ባለ 13 ዲጂት ከሆነ ራሳችሁ ሞክሩት፦ ከግራ 2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ እያላችሁ እስከ 12ኛው ደምሩና በ3 አባዙ። የ1ኛውን፣ የ3ኛውን እያለ እስከ 11ኛው ያለውን ድምር ጨምሩበት። ወደሚቀጥለው ሙሉ አሥር ለመድረስ የሚጎድለው ቁጥር 13ኛው መሆን አለበት።

▪️ አንድ ዲጂት ያመጣው ጣጣ

የአሜሪካ ሱቆች ሲስተም የተሠራው ለ12 ዲጂት ነበር። ስለዚህ ባለ 13 ዲጂት የውጭ ዕቃ አሜሪካ ሲገባ ሌላ ኮድ ይለጠፍበት ነበር። በመጨረሻ ሱቆቹ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2005 ጀምሮ 13ቱንም እንዲቀበሉ ቀን ተቆረጠ። አንድ ዲጂት መጨመር ቀላል ይመስላል። ግን ከካሸሩ ጀርባ ያለው የስቶክ መዝገብ፣ የግዢ ትዕዛዝና ሪፖርት ሁሉ መስተካከል ነበረበት። ትምህርቱም ይሄ ነው፦ ከባዱ ሥራ ማሸጊያው ላይ ያለው ኮድ አይደለም፣ ሱቁ ውስጥ ያለው ዳታ ነው።

▪️ አሁን የሚመጣውስ?

ጂኤስዋን የያዘው ግብ እስከ 2027 መጨረሻ (በእኛ ታኅሣሥ 2020 ዓ.ም. ገደማ) ሱቆች እንደ ኪውአር ያሉ ኮዶችን ካሸር ላይ ማንበብ እንዲችሉ ነው። ይህ ሕግ አይደለም፤ የኢንዱስትሪው ስምምነት ነው። አሮጌው ባርኮድም በዚያ ቀን አይሰረዝም፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

ጥቅሙ ምንድን ነው? አዲሱ ኮድ ከዕቃው ቁጥር በተጨማሪ የባች ቁጥርና ኤክስፓየር የሚያደርግበትን ቀን መያዝ ይችላል። ጊዜው ያለፈ ወተት ካሸር ላይ ሲደርስ ሲስተሙ «አይሸጥም» ማለት ይችላል ማለት ነው። አንድ ባች ችግር ቢገኝበት ሁሉም ሳይሆን እሱ ብቻ ከመደርደሪያ ይነሳል። የአውስትራሊያው ዉልዎርዝስ ሱፐርማርኬት በስጋ ምርቶች ላይ ሥራ ላይ አውሎታል።

▪️ ሱቆች ምን እያደረጉ ነው?

1. ስካነር፦ የሌዘር ስካነር መስመር እንጂ ኪውአር አያነብም። በካሜራ የሚያነብ ያስፈልጋል።

2. ሶፍትዌር፦ አዲሱ ኮድ ዳታውን በምልክት ከፋፍሎ ነው የሚይዘው። 01 የዕቃው ቁጥር፣ 10 ባች፣ 17 ኤክስፓየር የሚያደርግበት ቀን፣ 21 የእያንዳንዱ ዕቃ መለያ ነው። ለምሳሌ ከ17 ቀጥሎ 271231 ካለ ዲሴምበር 31 ቀን 2027 ማለት ነው። ሶፍትዌሩ ይህን መለየት ካልቻለ ስካነሩ ቢያነብም ዋጋ የለውም።

3. ዳታ፦ አምራቹ መረጃውን አንዴ አስገብቶ ብዙ ሱቆች የሚቀበሉበት ዓለም አቀፍ መረብ አለ። በአውሮፓ ኅብረት ከዲሴምበር 13 ቀን 2014 ጀምሮ የታሸገ ምግብ በኦንላይን የሚሸጥ ሁሉ፣ ደንበኛው ከመግዛቱ በፊት የምግቡን ይዘትና አለርጂ የሚያስነሱትን ማሳየት ግዴታው ነው። አምራቹ ቅመሙን ቀይሮ ሱቁ የድሮውን መረጃ ካሳየ፣ የኦቾሎኒ አለርጂ ላለበት ሰው የሕይወት ጉዳይ ነው።

▪️ እኛንስ ምን አገባን?

✅ መድኃኒት፦ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መድኃኒቶችን በዚሁ ስታንዳርድ ለመከታተል መመሪያ አውጥቷል። ዓላማው አስመሳይና ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት እንዳይሸጥ ነው።

✅ በርበሬ፣ ሽሮ ወይም ቡና አሽጋችሁ ውጭ ልትሸጡ ካሰባችሁ፦ ኦንላይን በርካሽ የሚሸጥ ቁጥር አትግዙ። በሌላ ድርጅት ስም የተመዘገበ ሊሆን ይችላል። አማዞን ቁጥሩን ከጂኤስዋን መዝገብ ጋር ያመሳክራል፣ ካልገጠመ ዕቃችሁን ላይቀበል ይችላል።

✅ ሚኒማርኬት ልትከፍቱ ከሆነ፦ ስካነር ከመግዛታችሁ በፊት «ኪውአር ያነባል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሶፍትዌር የሚሠራላችሁንም ሰው «ባችና ኤክስፓየር ቀን ይመዘግባል ወይ?» በሉት።

✅ ሸማች ከሆናችሁ፦ ኪውአሩ ከማሸጊያው ጋር የታተመ ሳይሆን ከላይ የተለጠፈ ከሆነ ተጠራጠሩ። የዕቃ መረጃ ለማየት ብሎ ፒን ወይም የይለፍ ቃል የሚጠይቃችሁ ሊንክ ከመጣ ወዲያው ዝጉት።

ሱቅ ላለው ወይም ሊከፍት ላሰበ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።