ፕራይመሪ

በአሜሪካ ፖለቲካ «ፕራይመሪ» ማለት አንድ ፓርቲ ለጠቅላላው ምርጫ የሚያቀርበውን እጩ መራጮች ራሳቸው ድምፅ ሰጥተው የሚለዩበት ቅድመ ምርጫ ነው። ሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንትም ቢሆን ከገዛ ፓርቲው ተፎካካሪ ሊነሣበት ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1968 ሴናተር ዩጂን ማካርቲ የቬትናምን ጦርነት ተቃውመው ከፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ጋር ተፎካከሩ። በኒው ሃምፕሸር 42 በመቶ ያህል ድምፅ አገኙ። ጆንሰን ቢበልጧቸውም፣ በዚያው ወር መጨረሻ ዳግም እንደማይወዳደሩ ለሕዝብ አስታወቁ።

በ1976 ሮናልድ ሬገን ጄራልድ ፎርድን፣ በ1980 ኤድዋርድ ኬኔዲ ጂሚ ካርተርን፣ በ1992 ፓትሪክ ቡካነን ጆርጅ ኤች. ደብሊው. ቡሽን ተገዳደሩ። ሦስቱም ፕሬዚዳንቶች እጩነታቸውን አስጠበቁ፤ በጠቅላላው ምርጫ ግን ሦስቱም ተሸነፉ።

ለሽንፈታቸው ተጠያቂው ተገዳዳሪው ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ካርተርን ያዳከማቸው የዋጋ ንረትና በቴህራን የታገቱት አሜሪካውያን ጉዳይ ኬኔዲ ባይነሡም የሚጠፋ አልነበረም። ከፓርቲ ውስጥ የሚነሣ ፉክክር እንደ ክህደት ሊታይ አይገባም፤ መሪው የሕዝብ ፍርድ ሳይደርስበት አካሄዱን እንዲያርም የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ነው።