ከእንዶድ እስከ በዓል ሳሙና

ልጆቻችሁ ለበዓል ባለ ቀለምና ባለ ቅርጽ ሳሙና መሥራት ሲፈልጉ «ይህ የዚህ አገር ነገር ነው» ብላችሁ ዳር አትቁሙ።

ሳሙና በየቤቱ ሳይገባ እናቶቻችን ልብስ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። የደረቀው ፍሬ ተወቅጦ በውኃ ሲታሽ አረፋ ይወጣዋል። ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ ገላም ልብስም ወንዝ ወርዶ ይታጠባል። ለስግድም ወደ ተራራው የሚወጣው ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ፣ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቢልሃርዚያ የሚባለው በሽታ የሚተላለፈው በእነዚህ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት ነው። ከዚህ በተነሣው ምርምር እርሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። መነሻው ግን የእነዚያ ሴቶች እጥበት ነበር።

ዘይትና ኮስቲክ ሶዳ አዋህዶ ሳሙና መሥራት ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል ለልጆች አይሆንም። ይልቅስ የተገዛ ነጭ ሳሙና በመፈቅፈቂያ ፈቅፍቁ፤ በጥቂት ሙቅ ውኃ አለስልሱት። ልጆቹ በእጃቸው የሮማን ወይም የኮከብ ቅርጽ ይስጡትና ጥቂት ቀን ይድረቅ።

እጃቸው ሥራ ላይ ሳለ የእንዶድን ነገር አጫውቷቸው። በዕብራይስጥ ቢቀድሟችሁም፣ ይህን ታሪክ የሚሰሙት ከእናንተ ነው።