አደራ የማትበላ መሬት

መቼም እኛ 1966ን እና 67ን የምናስታውሳቸው በአብዮቱ ነው። የታክሲ አድማው፣ የወሎ ረሃብ፣ ንጉሡ በቮልስዋገን መወሰዳቸው፣ ከዚያ ደርግ። በፈረንጅ 1974 መሆኑ ነው። መሬት ቆፍረው ታሪክ የሚፈልጉ ሰዎች ግን ያንን ዓመት የሚያነሱት በሌላ ነው።

መጋቢት 20 ቀን 1966 ዓ.ም. ቻይና ውስጥ፣ ከሺያን ከተማ በስተምሥራቅ፣ ገበሬዎች የውሃ ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ውሃ ሲሉ ከሸክላ የተሠራ ወታደር ስብርባሪ ወጣ። ባለሙያዎች መጥተው ቁፋሮው ሲቀጥል ነገሩ የአንድ ምስል ጉዳይ አልነበረም፤ ሙሉ ሠራዊት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ210 የሞተው የመጀመሪያው የቻይና ንጉሠ ነገሥት መቃብሩን እንዲጠብቁለት ያሰለፋቸው ወታደሮች 8,000 ገደማ እንደሚሆኑ ይገመታል። መልካቸው እንኳ የተለያየ ነው። የሚገርመው፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ስለዚያ መቃብር በዝርዝር የጻፈው ታሪክ ጸሐፊ ሲማ ቺየን ወታደሮቹን ጨርሶ አላነሳቸውም። ምሥጢሩን የሚያውቁት የእጅ ባለሙያዎች ግን እዚያው እንደተዘጋባቸው ጽፏል። የሚያውቀው አፍ ተዘጋ፤ መሬት ግን 2,200 ዓመት ጠብቃ ተናገረች።

ወደ አገራችን እንምጣ። በዚያው ዓመት አፋር፣ ሐዳር ላይ ሞሪስ ታይብ፣ ኢቭ ኮፐንስና ዶናልድ ጆሃንሰን የሚመሩት ቡድን ሰፍሯል። ከመንግሥት የቅርስ መሥሪያ ቤት የተመደቡት አቶ ዓለማየሁ አስፋው ሳምንታት ቀደም ብለው የጥንት ሰው መሰል ፍጡር መንጋጋ አግኝተው ነበር። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ጆሃንሰን ከተማሪው ከቶም ግሬይ ጋር ሲፈልግ አርፍዶ ሊመለስ ሲል አንዲት የክንድ አጥንት አየ። ሦስት ሳምንት ለቀሙ። አንድም አጥንት አልተደገመም፤ የአንዲት ፍጡር ነበራ! አርባ በመቶ ያህሉ አካሏ ተገኘ። በሁለት እግሯ ትሄድ የነበረች፣ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ባለጸጋ። ፈረንጆቹ በካምፑ ከሚሰሙት የቢትልስ ዘፈን ሉሲ አሏት፤ እኛ ድንቅነሽ አልናት።

አሁን ቀኑን ልብ ይበሉልኝ። ኅዳር 15። ከዚያ በፊት በነበረው ሌሊት፣ ኅዳር 14 ለ15 አጥቢያ፣ አዲስ አበባ ላይ ምን ሆነ? ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተወልድና እንዳልካቸው መኮንን ያሉባቸው ስድሳ የሚሆኑ ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ሬሳቸው ለቤተሰብ አልተሰጠም፤ በጅምላ ጉድጓድ ተጣለ።

አንዲት አገር፣ በአንድ ቀን ልዩነት፣ በአንድ በኩል እናቷን ከአፈር ታወጣለች፤ በሌላ በኩል ልጆቿን ፍርድ ሳታሰማ አፈር ትመልሳለች። ይኼን ማን ያስበዋል?

ደርግ ከወደቀ በኋላ እኛም ቆፋሪዎች ሆንን። የስድሳዎቹ አጽም ወጥቶ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ። የንጉሡም አጽም በ1984 ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቆፍሮ ወጣ፤ በክብር የተቀበሩት ግን በ1993 ዓ.ም. ነው። በቀይ ሽብር ልጇ ወጥቶ የቀረባት እናት ግን ስንቷ ናት የት እንደተቀበረ ሳታውቅ ያለፈችው?

ድንቅነሽን ሦስት ሚሊዮን ዓመት ያቆየች መሬት አደራ በላተኛ አይደለችም። አደራ የበላነው እኛ ነን። ጉድጓዱን የቆፈረ ሰው ቦታውን ያውቀዋል፤ ያልተናገረውን ደግሞ አንድ ቀን ዶማ ያወጣዋል።