ሃምሳ ሎሚ፦ ጥሪትን የማከፋፈል ታሪክ

ከሐርጌሳ አካባቢዎች አንዱ የሚጠራው በቀን ስም ነው፤ 31 ሜይ ይባላል። በ1988 በዚያ ቀን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው) የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች በከተማዋ የሠፈረውን ጦር አጠቁ። ቀደም ሲል በኤፕሪል ወር መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ዚያድ ባሬ አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ እንዳይደግፍ ተስማምተው ነበር። ስለዚህ እስከዚያ ጊዜ በኢትዮጵያ ምድር ተጠግቶ የቆየው ንቅናቄ ወደ አገሩ ገብቶ ከመዋጋት ሌላ ምርጫ አልቀረለትም። የዚያድ ባሬ ጦር የሰጠው መልስ ከተማዋን በመድፍ፣ እንዲሁም ከራሷ ከሐርጌሳ አየር ማረፊያ በሚነሡ አውሮፕላኖች መደብደብ ነበር። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ በሐርቲሼክና በሌሎች መጠለያዎች ሠፈረ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነው የጠፋው ሕይወት ነው። ከሞት የተረፈውን ግን «ምን ቀረኝ?» የሚል ሌላ ጥያቄ ጠበቀው። የዕድሜ ልክ ጥሪቱን በከተማ ቤትና በሱቅ ዕቃ ላይ ያዋለ ሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ባዶ እጁን ቀረ። በሐውድ ግጦሽ ላይ ግመል የነበረው፣ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠራ ወንድም የነበረው ግን መነሻ አላጣም። በ1970 በቡርዖ ሥራ የጀመረው የዳሃብሺል ድርጅት ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል። መሥራቹ መሐመድ ሰዒድ ዱዓሌ በ1988 እንደ ሌላው ሁሉ ተሰድደው ኢትዮጵያ ገቡ፤ ገንዘብ የማስተላለፍ ሥራቸውንም ከዚያው እንደገና ጀመሩ። በአገር ቤት የነበረው ሲጠፋ፣ በየአገሩ የተዘረጋው የመተማመን መረብ አልጠፋም ነበርና።

ከዚህ ተነሥቶ «ሀብትን በብዙ ቦታ ማኖር ይበጃል» ማለት ቀላል ነው። «ብዙ» የሚለው ቃል ግን ያታልላል። የሶማሌላንድ የውጭ ንግድ የጀርባ አጥንት በበርበራ ወደብ የሚጫነው የቁም ከብት ነው፤ ዋናው ገዢም ሳዑዲ ዓረቢያ ነበረች። በ1998 መጀመሪያ በምሥራቅ አፍሪካ በተከሰተው የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት ሳዑዲ ዓረቢያ ከብት እንዳይገባ ከለከለች። እገዳው ለጊዜው ቢነሣም በሴፕቴምበር 2000 ተመልሶ መጣ፤ እስከ 2009 መጨረሻ አካባቢም ዘለቀ። ያን ጊዜ አሥር በግ የነበረውም ሺህ በግ የነበረውም የደረሰበት ጉዳት በዓይነቱ አንድ ነበር። ሺህ በግ በቁጥር ብዙ ነው፤ በአንድ ገዢ ላይ ሲንጠለጠል ግን አንድ ንብረት ነው።

የአዲስ አበባ ታሪክ ይህን ትምህርት አንድ እርምጃ ወደፊት ይወስደዋል። የ1960ው የንግድ ሕግ የአክሲዮን ማኅበራትን መልክ ካስያዘ በኋላ፣ በ1965 በብሔራዊ ባንክ ድጋፍ የአክሲዮን መገበያያ ቡድን በመዲናይቱ ተቋቋመ። አስተዋይ የሚባል የዚያ ዘመን ከተሜ ጥሪቱን ከፋፍሎ ማስቀመጥ ይችል ነበር፤ ከፊሉን በባንክ አክሲዮን፣ ከፊሉን በፋብሪካ፣ ከፊሉን በገጠር መሬት፣ ከፊሉን በሚከራይ ቤት። አራቱ ዘርፎች አንዳቸው ከሌላቸው የተለዩ ነበሩ። ይሁን እንጂ በ1975 ጃንዋሪ 1 ቀን ባንኮችና የመድን ድርጅቶች ተወረሱ። በፌብሩዋሪ 3 ቀን 72 የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶች ሙሉ በሙሉ የመንግሥት ሆኑ፤ በሌሎች 29 ድርጅቶችም መንግሥት አብላጫውን ድርሻ ያዘ። በማርች 4 ቀን የገጠር መሬት፣ በጁላይ 26 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ታወጀባቸው። የመሬት ላራሹ አዋጅ ለጭሰኛው ነፃነት እንደነበር አይካድም። ለባለ ጥሪቱ ግን አራቱም ዘርፎች ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ በአንድ እጅ ተጠቃለሉ። በዘርፍ የተከፋፈለው ሀብት በአገር አልተከፋፈለም ነበር።

እንግዲህ ጥሪት የሚከፋፈለው በቁጥር ሳይሆን ሊያጠፋው በሚችለው ነገር ነው። ይህን ለማድረግ ግን አንድ ችግር አለ። ባለጠጋ ሰው በአሥር አገር መቶ ድርጅት ውስጥ ድርሻ ሊገዛ ይችላል፤ ደመወዝተኛው ግን ከወር ወር የሚተርፈው ጥቂት ነው። የአማርኛው ተረት «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው እዚህ ላይ ነው። ዕቁብ በዚህ ብልሃት የቆመ ነው፤ ሶማሌዎችም ሐግበድ የሚሉት ተመሳሳይ ልማድ አላቸው። ዕቁብ ግን ገንዘብን በዙር ያደርሳል እንጂ በየአገሩ አይዘራም።

የአነስተኛ ቆጣቢዎችን ገንዘብ አሰባስቦ በየአገሩ የመዝራት ሥራ በለንደን መልክ የያዘው በ1868 ነው። በዚያ ዓመት የተቋቋመው የውጭና የቅኝ ግዛት መንግሥታት ትረስት የቆጣቢዎችን ገንዘብ ሰብስቦ በ18 የመንግሥት ቦንዶች ላይ አዋለ። ዓላማው መጠነኛ ገንዘብ ያለው ሰው እንደ ትልቅ ባለ ካፒታል አደጋውን እንዲያከፋፍል ማስቻል ነበር። በ1952 ሃሪ ማርኮዊትዝ የተባለው አሜሪካዊ ምሁር ነገሩን በሒሳብ አስረዳ፤ የአንድ ንብረት አደጋ የሚመዘነው ለብቻው ሳይሆን ከሌሎቹ ጋር አብሮ በመውጣቱና በመውረዱ ልክ ነው አለ። ለዚህ ሥራው በ1990 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። የበርበራ ነጋዴ በእገዳው ዘመን በኪሱ የተማረው ከዚህ የተለየ አልነበረም።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የዋጋ ነበር። የገንዘብ አስተዳዳሪዎች ተስፋ ያላቸውን ድርጅቶች እንመርጣለን እያሉ ከፍ ያለ ክፍያ ይወስዱ ነበር። በ1976 ጆን ቦግል በቫንጋርድ ኩባንያ በኩል ምርጫውን ትቶ 500 ታላላቅ የአሜሪካ ድርጅቶችን የያዘውን የገበያ መለኪያ፣ ማለትም ኢንዴክሱን፣ እንዳለ የሚከተል ፈንድ ለሕዝብ አቀረበ። 150 ሚሊዮን ዶላር ይሰበሰባል ተብሎ ሲጠበቅ የተገኘው 11 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ የሙያው ሰዎችም «የቦግል ሞኝነት» ብለው ተሳለቁበት። ሒሳቡ ግን ለቦግል መሰከረለት። ከክፍያ በፊት በዓመት 6 በመቶ የሚያድግ 10,000 ዶላር እንበል። አስተዳዳሪው በዓመት 1 በመቶ ቢወስድ ከ30 ዓመት በኋላ የሚገኘው 43,000 ዶላር ገደማ ነው፤ 0.1 በመቶ ብቻ ቢወስድ ግን 55,800 ዶላር ገደማ ይደርሳል። ትንሽ የሚመስለው ክፍያ ከ12,000 ዶላር በላይ በላ ማለት ነው።

ዛሬ ኢ.ቲ.ኤፍ. የሚባለው፣ በአክሲዮን ገበያ እንደ አንድ ድርጅት አክሲዮን ቀኑን ሙሉ የሚሸጥና የሚገዛ ፈንድ፣ የተወለደው ከዚህ በኋላ ነው። የመጀመሪያው በ1990 በቶሮንቶ ገበያ ላይ ዋለ፤ በ1993 ጃንዋሪ ደግሞ የአሜሪካው ተከተለ። ከአሜሪካው ፈጣሪዎች አንዱ ናታን ሞስት በሸቀጥ ንግድ ያደገ ሰው ነበር። በዚያ ንግድ ዕቃው በመጋዘን ይቀመጥና ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወረው ደረሰኙ ነው። ሞስትም አክሲዮኖቹን እንደ ሸቀጥ በአንድ ስፍራ አስቀምጦ ደረሰኛቸውን በገበያ መሸጥ ይቻላል አለ። ከ2008 ወዲህ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሰሊጥ ወይም ቡና ያስገባ ሰው ይህን አሠራር ያውቀዋል። ጆንያው በመጋዘን ተመዝኖና ደረጃ ወጥቶለት ይቀመጣል፤ የሚሸጠው የመጋዘን ደረሰኙ ነው።

የግብር ጥቅሙም የመጣው ከዚሁ አሠራር ነው። በተለመደው የአሜሪካ ፈንድ አንድ ባለድርሻ ገንዘቤን ልውሰድ ሲል አስተዳዳሪው አክሲዮን ሊሸጥ ይገደዳል፤ ከሽያጩ ትርፍ የሚመነጨው ግብርም በቀሩት ላይ ያርፋል። በኢ.ቲ.ኤፍ. ግን ታላላቅ ነጋዴዎች ደረሰኙን መልሰው አክሲዮኖቹን በዓይነት ስለሚረከቡ፣ ፈንዱ ለግብር የሚያበቃ ሽያጭ እንዳደረገ አይቆጠርም። ባለቤቱ ድርሻውን እስኪሸጥ ድረስ ግብሩ ይቆየዋል። ይቆየዋል እንጂ አይቀርለትም።

ከዚህ ላይ የሰው ዜግነትና መኖሪያ መለየት ይጀምራል። ከአሜሪካ ጋር የግብር ስምምነት በሌለው አገር የሚኖር የውጭ ዜጋ በአሜሪካ የተቋቋመ ፈንድ ቢገዛ፣ ከትርፍ ድርሻው 30 በመቶ ይቀነስበታል። ከዚህ የከበደው የውርስ ግብር ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት በአሜሪካ ያለው ንብረት ከ60,000 ዶላር ካለፈ፣ በትርፉ ላይ እስከ 40 በመቶ የሚደርስ ግብር ወራሾቹን ይጠብቃቸዋል። ያንኑ ኢንዴክስ የሚከተል ነገር ግን በአየርላንድ የተቋቋመ ፈንድ ከአሜሪካ ድርጅቶች የሚያገኘው የትርፍ ድርሻ በአብዛኛው የሚቀነስበት 15 በመቶ ነው፤ ድርሻውም የአሜሪካ ንብረት ተብሎ አይወረስም። በአንጻሩ የአሜሪካ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይዞ ሐርጌሳ ለሚኖር ሰው ነገሩ ይገለበጣል። ለእርሱ በውጭ አገር የተቋቋመው ፈንድ በአሜሪካ ሕግ ከባድ ግብር ያስከትልበታል። ለጎረቤት የበጀው ፈንድ ለሌላው የማይበጀው ስለዚህ ነው። ወለድና የተከለከሉ ንግዶችን ለሚሸሽ ሙስሊም ቆጣቢ ደግሞ በ1999 የተጀመረው የዳው ጆንስ እስላማዊ ገበያ ኢንዴክስና ከእርሱ በኋላ የመጡ ፈንዶች ሌላ መንገድ ከፍተዋል።

በኢትዮጵያም መንገዱ እንደገና እየተጠረገ ነው። በ1994 የግል ባንክ ሲፈቀድ አዋሽ ባንክ በ486 መሥራች ባለአክሲዮኖች ተቋቋመ። የካፒታል ገበያ አዋጅ በ2021 ወጣ፤ በ2025 ጃንዋሪም የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀመረ። በቅድሚያ የተመዘገቡት ግን ወጋገንና ገዳ፣ ሁለቱም ባንኮች ናቸው። በጁላይ 2024 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። የሁለት ባንክ አክሲዮን የያዘ ሰው ሁለት ወረቀት ይዟል፤ ዘርፉ፣ አገሩና ገንዘቡ ግን አንድ ነው። ይህ ማለት የአገርን አክሲዮን መግዛት አይገባም ማለት አይደለም። ደመወዙም ቤቱም ዘመዱም በአንድ አገር ለሆነ ሰው ግን፣ ጥሪቱም እዚያው ሲጨመር ሸክሙ በአንድ ትከሻ ላይ ይሆናል።

ኢ.ቲ.ኤፍ.ም ቢሆን ከስሙ የሚገኝ ዋስትና የለውም። በአንድ ዘርፍ ብቻ የተሠራ አለ፤ ስማቸው የተለያየ ሆኖ በውስጣቸው እነዚያኑ ታላላቅ የአሜሪካ ድርጅቶች የያዙ ሁለት ፈንዶችም አሉ። ሁለቱን መግዛት እንደ ሺህ በግ ነው። መላው ገበያ ሲወድቅም አብሮ ይወድቃል፤ ስለዚህ ለከርሞ የትምህርት ቤት ክፍያ የታሰበ ገንዘብ የሚቀመጥበት አይደለም። የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ጥቂት ነገር ነው፦ በቅርጫቱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሊያጠፋ የሚችል ምን አለ? ፈንዱ የተቋቋመው በየትኛው አገር ሕግ ነው? በየዓመቱና በውርስ ጊዜ የሚቀነሰው ስንት ነው? የ1975ቱ ባለአክሲዮንና የበርበራው ከብት ነጋዴ ስንፍና አልነበረባቸውም፤ ሁለተኛውን ጥያቄ የሚመልስ መንገድ በዘመናቸው አልተከፈተላቸውም ነበር። ዛሬ መንገዱ ጥቂት በጥቂት ለሚቆጥብ ሰውም ጭምር ተከፍቷል፤ የቀረው ጠይቆ መግባት ነው።